ለአገር ልጅ ሲባል የጉምሩክ ፎርም ላይ አይዋሽም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎች ጋር ትሠራለች። እሷ የምታሠራውን የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ እኔ ኢትሲ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ በከፈትኩት ሱቅ እሸጣለሁ። አሜሪካ ውስጥ ስሸጥ ብዙም ችግር አልገጠመኝም። ወደ ሌላ አገር መላክ ስጀምር ግን ነገሩ ተወሳሰበብኝ።

አንዷ ደንበኛ ጀርመን ናት። ቀሚሱ ሲደርስ ጉምሩክ ብዙ ገንዘብ ጠየቃት። "ይህን አልነገርሽኝም" ብላ ሳትረከበው ቀረች። እሽጉ ተመልሶ እየመጣ ነው፤ እሷም ገንዘቤን በሙሉ መልሺ እያለች ነው።

ሌላዋ ለንደን ያለች የአገራችን ልጅ ናት። ለሴት ልጇ ክርስትና ሦስት ቀሚስ ትፈልጋለች፤ ለራሷ፣ ለእናቷና ለሕፃኗ። "እህቴ፣ ፎርሙ ላይ ስጦታ ብለሽ ጻፊልኝ፣ ዋጋውንም 30 ዶላር አድርጊው። ገንዘቡን ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ በዜል ትልክልሻለች። በዚያውም ትንሽ በርበሬና ቡና አስገቢልኝ" አለችኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ፤ እስካሁን አልመለስኩላትም።

ሦስተኛዋ ዱባይ ናት። አዝዛ ከከፈለች በኋላ "አድራሻዬ ተቀይሯል፣ ወደዚህ ላኪልኝ" ብላ የሌላ ሰው ስም ያለበት የሻርጃ አድራሻ ላከችልኝ። አጭበርባሪ ትሁን እውነተኛ መለየት አቃተኝ።

ባለቤቴ "የውጭውን ዝጊውና በአሜሪካው ብቻ ሥሪ" ይላል። እኔ ደግሞ ዋና ደንበኞቼ በየአገሩ ያሉ ሐበሾች ስለሆኑ መዝጋት አልፈልግም። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሜሪላንድ

መልስ

እህቴ፣ አትዝጊው። ግን እስካሁን በሄድሽበት መንገድም አትቀጥዪ። ለጊዜው የአውሮፓ ኅብረት አገሮችን ብቻ አቁሚ፤ ምክንያቱን ከታች እነግርሻለሁ። እንግሊዝን፣ ካናዳን፣ አውስትራሊያንና የባሕረ ሰላጤ አገሮችን ክፍት አድርገሽ ሥሪ።

የሦስቱን ደንበኞች ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። የጀርመኗ የተቆጣችው ከመክፈሏ በፊት ልታውቀው የሚገባትን ነገር በር ላይ ስለሰማችው ነው። የለንደኗ ጉዳይ ግን የይሉኝታ ጉዳይ ነው። አንድ የማታውቂው ፈረንጅ "ፎርም ላይ ዋሺልኝ" ቢልሽ በአንድ ደቂቃ እምቢ ትዪው ነበር። "እህቴ" ስትልሽ ግን እጅሽ ታሰረ። ደንበኞችሽ በአብዛኛው የአገር ልጆች እስከሆኑ ድረስ ይህ ነገር በየወሩ ይመጣብሻል። ስለዚህ ዛሬ ቁርጥ ያለ መልስ እናብጅለት።

ከጀርመኗ ልጀምር። የቀሚሱን ዋጋ አልጻፍሽልኝም፤ ግን ብዙ ገንዘብ ከተጠየቀች ከ150 ዩሮ በላይ እንደነበር እገምታለሁ። ዋናው መስመር እዚያ ላይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልሽና፣ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚላክ ዕቃ ዋጋው ከ150 ዩሮ ካልበለጠ ኢትሲ ራሱ ገዢዋ ስትከፍል ቫቱን አብሮ ይቀበላል። ከ150 ዩሮ ሲያልፍ ግን ኢትሲ አይነካውም። ቀረጡም ቫቱም ዕቃው እዚያ ሲደርስ ከገዢዋ ይጠየቃል።

ስንት እንደሚሆን አብረን እናስላው። ቀሚሱ 180 ዩሮ፣ መላኪያው 40 ዩሮ ነው እንበል። ጉምሩክ ሁለቱን ደምሮ ከ220 ይነሳል። በጥጥ ቀሚስ ላይ የተለመደው ቀረጥ 12 በመቶ ነው፤ 26 ዩሮ ከ40 ሳንቲም ይመጣል። ቫቱ የሚታሰበው ደግሞ ቀረጡ ከተደመረበት በኋላ ነው። የጀርመን ቫት 19 በመቶ ስለሆነ በ246 ዩሮ ከ40 ላይ ወደ 47 ዩሮ ይሆናል። በድምሩ 73 ዩሮ ገደማ ማለት ነው። አድራሹ ድርጅት የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። አንዲት ሴት የከፈለችበትን ቀሚስ በጉጉት ስትጠብቅ ቆይታ በሯ ላይ 73 ዩሮና ከዚያ በላይ ስትጠየቅ ብትናደድ አልፈርድባትም።

ስለዚህ ለእሷ የልብሱንም የመላኪያውንም ገንዘብ መልሺላት። የጉምሩክ ክፍያ የገዢ ድርሻ ነው፤ ይህን ክርክር ታሸንፊ ይሆናል። ግን ሱቅሽ ገጽ ላይ አንድም ቃል አልነበረም። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ሸማች በኢንተርኔት የገዛውን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ የመመለስ መብት አለው። ለእሷ ቁመትና ወገብ ተለክቶ የተሰፋ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ውጭ ይሆን ነበር፤ ተሰፍቶ የተቀመጠ ቀሚስ ግን አይደለም። እሽጉ እጅሽ እንደገባ እንደምትመልሺላት ዛሬውኑ ጻፊላት፤ ሲደርስ ደግሞ በኢትሲ በኩል ብቻ መልሺ። በሌላ መንገድ ከላክሽላት ኢትሲ ላይ እንዳልመለስሽ ሆኖ ይቀርና በዚያው ትዕዛዝ ሁለተኛ ጊዜ ልትጠየቂ ትችያለሽ። የላክሽበትን የጉምሩክ ፎርም ቅጂም አትጣዪው፤ የተመለሰ ዕቃ መሆኑን የምታሳዪበት ወረቀት እሱ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከ150 ዩሮ በታች ሆኖ ቫቱን ኢትሲ ላይ የከፈለች ደንበኛም ፖስታ ቤት ሁለተኛ ጊዜ ልትጠየቅ ትችላለች። ይህ የሚሆነው ቫቱ መከፈሉን የሚያሳየው ቁጥር ከእሽጉ ጋር ሳይሄድ ሲቀር ነው። ቁጥሩን አይኦኤስኤስ ይሉታል። እሽጉ ላይ የሚለጠፈውን የመላኪያ ወረቀት፣ ሌብሉን፣ ከኢትሲ ላይ ከገዛሽ ቁጥሩ በኤሌክትሮኒክ መንገድ አብሮ ይተላለፋል። እሽጉን ይዘሽ ፖስታ ቤት ሄደሽ መስኮት ላይ ከከፈልሽ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ሻጮች "እኔ ሁሉን ነገር በትክክል አደረግኩ" የሚሉት ደንበኛዋ ግን ሁለቴ የምትከፍለው እዚህ ላይ ነው። ወደ ውጭ ለሚሄድ ዕቃ ሁልጊዜ ሌብሉን ኢትሲ ላይ ግዢ።

አሁን አውሮፓን ለምን ለጊዜው አቁሚ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። ከዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አዲስ የምርት ደኅንነት ደንብ ሥራ ላይ ነው። ከኅብረቱ ውጭ ያለ ሻጭ እዚያው ኅብረቱ ውስጥ የሚኖር ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ወይም ድርጅት ሊኖረው ይገባል። የዚያ ተወካይ ስምና አድራሻ ሱቅሽ ላይ ከምርቱ ጋር መታየት አለበት፤ ከዕቃውም ጋር መሄድ አለበት። ልብስም በዚህ ውስጥ ነው፤ በእጅ የተሸመነ መሆኑ አያስቀረውም። ሰሜን አየርላንድም በዚሁ ደንብ ስር ናት። ይህን ሳታሟዪ ብትልኪ አንዱ እሽግ ያልፋል፣ አንዱ ይያዛል፤ ሱቅሽም ሊታገድ ይችላል።

ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም የአክስት ልጅ አለችሽ ይሆናል። "የእሷን ስም ላስገባ" ብለሽ እንዳታስቢ። ይህ ስም የማዋስ ነገር አይደለም። ቀሚሱ ላይ አንድ ችግር ቢገኝ ባለሥልጣናቱ ደብዳቤ የሚልኩት ለእሷ ነው። በጽሑፍ ተስማምታ፣ ምን እንደምትሸከም አውቃ ከሆነ ብቻ ነው የሚሆነው። ይህን ሥራ በክፍያ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ወደ አውሮፓ የምትልኪው ወጪያቸውን ይሸፍን እንደሆነ አስልተሽ ወስኚ። እስከዚያ ኢትሲ ላይ ከመላኪያ ዝርዝርሽ ውስጥ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችን አውጪያቸው።

ወደ ለንደኗ ልምጣ። ልብሽን የያዘው ይህኛው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

የተሸጠ ዕቃ ስጦታ አይደለም። እንግሊዝ ስጦታን ከቫት ነፃ የምታደርገው ግለሰብ ለግለሰብ ያለ ክፍያ ሲልክ ነው፤ ያውም ዋጋው ከ39 ፓውንድ ካልበለጠ። ሦስት የሐበሻ ቀሚስ 30 ዶላር ነው ብሎ የሚያምን የጉምሩክ ሠራተኛ የለም። እሽጉን ከፍቶ፣ ጥለቱን አይቶ፣ ኢትሲ ላይ ዋጋውን ፈልጎ ያገኘዋል። ፎርሙ ላይ ያለው ስምና ፊርማ ደግሞ የእሷ አይደለም፤ የአንቺ ነው። እውነት መሆኑን ፈርመሽ ነው የምትሰጪው። ከተያዘ የአንቺ ስም መዝገብ ላይ ይገባል፤ የእሷ የልጅ ክርስትና ደግሞ ያለ ልብስ ይደርሳል። ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ እንኳ ኢንሹራንሱ ከጻፍሽው 30 ዶላር በላይ አይከፍልሽም። ሸማኔው የደከመበት፣ አክስትሽ የከፈለችበት ጥበብ በ30 ዶላር ይወራረዳል ማለት ነው።

በትክክለኛው መንገድ ልትረጃት የምትችዪበት ነገር ግን አለ፤ እሱን ንገሪያት። እንግሊዝ ውስጥ የልጆች ልብስ ቫት ዜሮ ነው። ስለዚህ የሕፃኗን ቀሚስ ከትልልቆቹ ጋር አታጠቃልዪው። ፎርሙ ላይ ለብቻው በአንድ መስመር፣ የሕፃን የጥጥ ልብስ ብለሽ ከእነዋጋው ጻፊው። ሦስቱን በጅምላ "ልብስ" ብትዪ ግን በሁሉም ላይ 20 በመቶ ቫት ሊታሰብባት ይችላል። ሌላው ደግሞ የ135 ፓውንድ መስመር ነው። ትዕዛዙ እስከ 135 ፓውንድ ከሆነ ቫቱን ኢትሲ ራሱ ይቀበላል፤ እሷም በር ላይ የምትጠየቀው አይኖርም። ከዚያ ካለፈ ለንደን ላይ ቀረጥም ቫትም ትጠየቃለች። ሦስት ቀሚስ በአንድ ላይ በእርግጠኝነት ያልፋል። ከመክፈሏ በፊት በግልጽ ታውቀው።

የዜሉም ነገር አይሆንም። ኢትሲ ላይ የተገናኘሽውን ገዢ ከኢትሲ ውጭ ማስከፈል ክልክል ነው፤ ሱቅ ያዘጋል። አዎ፣ ኢትሲ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 6.5 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተናገጃም አለው። እኔም ብዙ ነው እላለሁ። ግን እሱን ወስዶ የሚሰጥሽ ነገር አለ። ትዕዛዙ እስከ 250 ዶላር ከሆነ፣ በቀጠሮው ከላክሽ፣ ትራኪንግ (የት እንደደረሰ መከታተያ) ካለውና ትዕዛዙ ላይ ወዳለው አድራሻ ከሄደ፣ ዕቃው ቢጠፋ ኢትሲ ለገዢዋ ከራሱ ኪስ ይመልሳል፤ ያንቺን ገንዘብ አይነካም። በዜል ከተከፈለሽ ይህ ሁሉ የለም። ለእሷም የለም። ቀሚሱ ባይደርስ እህቷ ቨርጂኒያ ሆና ከአንቺ ጋር ትጣላለች። እኛ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ጠብ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ዕድር ይዘልቃል።

በርበሬውን ደግሞ ተዪው። አውቃለሁ፣ ለወለደች ሴት ይህን መከልከል ከሁሉ ይከብዳል። ግን ነጭ ጥጥ አጠገብ በርበሬ ማስቀመጥ ራሱ አያስተኛም። ፎርሙ ላይ "ቀሚስ" ተብሎ ውስጡ ቅመም የተገኘ እሽግ ይቆማል፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ አብሮ ይቆማል። ሌላ ደንበኛ ነገ ቂቤ ወይም ቋንጣ ላኪልኝ ብትልሽ፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሥጋና የወተት ውጤት በፖስታ ማስገባት የተከለከለ መሆኑን እወቂ። አውስትራሊያ ደግሞ በዘርና በተክል ውጤት ላይ በጣም ጥብቅ ናት። የልብስ ሱቅ ከፍተሻል፤ ልብስ ብቻ ላኪ።

ይህን ሁሉ ስትነግሪያት ግን እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍላታለሁ፦

"እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ልጅሽን ያሳድግልሽ። ሦስቱን ቀሚሶች በደስታ አዘጋጅልሻለሁ። ፎርሙ ላይ ግን እውነተኛውን ዋጋና የተሸጠ መሆኑን ነው የምጽፈው፤ ካልሆነ ለንደን ላይ ተይዞ ክርስትናው ሊያመልጥሽ ይችላል። የሕፃኗን ልብስ ለብቻው ስለምጽፍ ቫት አይኖርበትም። ለትልልቆቹ ቀረጥና ቫት ስለምትጠየቂ ከአሁኑ እወቂው። ክፍያው እዚሁ ኢትሲ ላይ ይሁን፤ ለአንቺም ዋስትና ነው። በርበሬውን መላክ አልችልም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። የክርስትናውን ቀን ከነወሩ ስም ጻፊልኝ፤ ደርሶ እንዲጠብቅሽ።"

ይህን አንብባ የምትቀየም ሴት ብትኖር ደንበኛ ሆና አትቆይልሽም ነበር። አብዛኞቹ ግን አይቀየሙም። የሚቀየሙት እሺ ተብለው ዕቃው ሲያዝባቸው ነው።

ቀኑን ከነወሩ ስም ያልኩሽ በምክንያት ነው። ሐበሻ ደንበኛ "በ5/1 እፈልገዋለሁ" ብላ ብትጽፍልሽ ምን ትረጃለሽ? በአሜሪካ ልማድ ሜይ 1 ነው። ለንደን ላለች ሰው ጃንዋሪ 5 ነው። በእኛ አቆጣጠር ካሰበችው መስከረም 5 ነው። ሦስት የተለያየ ቀን። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ ቀኑ ወደፊት አይገፋም፤ ስለዚህ "ሜይ 1" ወይም "መስከረም 5" ተብሎ በፊደል ይጻፍ።

ወደ ዱባይዋ ልምጣ። መጀመሪያ ስለ እሷ ደግ ደጉን ላስብ። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ያሉ ብዙ እህቶቻችን የሚኖሩት በአሠሪያቸው ቤት ነው። ውላቸው ያልቃል፣ ቤት ይቀይራሉ፣ ዕቃ የሚቀበልላቸው ጓደኛ ወይም ሱቅ ያለው ሰው ነው። በስማቸው የተመዘገበ አድራሻ ላይኖራቸው ይችላል። ስለዚህ የሌላ ሰው ስም መሆኑ ብቻውን ሌባ አያደርጋትም። በሌላ በኩል፣ የተሰረቀ ካርድ የያዘ ሰውም የሚያደርገው ልክ ይህንኑ ነው። በባለካርዱ አድራሻ ያዛል፣ ከዚያ "ወደዚህ ላኪልኝ" ይላል። ባለካርዱ ከርሞ "ይህን እኔ አልገዛሁም" ሲል ገንዘቡ ከአንቺ ይወሰዳል፤ ትዕዛዙ ላይ ወዳለው አድራሻ ስላልላክሽም መከላከያ የለሽም።

ደስ የሚለው፣ የትኛዋ እንደሆነች መለየት የለብሽም። ለሁለቱም የሚሠራ አንድ መንገድ አለ። ትዕዛዙን ሰርዢ፣ ገንዘቧን መልሺ፣ በአዲሱ አድራሻ እንደገና ትዘዝ። "የምልከው ትዕዛዙ ላይ ወዳለው አድራሻ ብቻ ስለሆነ ይህን ትዕዛዝ ሰርዤ ገንዘብሽን ልመልስልሽ፤ በአዲሱ አድራሻ ስታዢ በማግስቱ እልካለሁ" በያት። እውነተኛዋ ትንሽ ትቸገራለች፤ ገንዘቡ ካርዷ ላይ እስኪመለስ ቀናት ይፈጃል። ግን ታደርገዋለች። ቀሚሱን ለበዓል ነው የምትፈልገው ከሆነ ሌላ ሰው እንዳይገዛው ለጥቂት ቀን ያዢላት። አጭበርባሪው ግን ይናደዳል፣ ያጣድፍሻል፣ ከዚያ ይጠፋል።

እንደገና ስታዝ ስልክ ቁጥሯን መጠየቅ እንዳትረሺ። ኤምሬትስ ውስጥ ፖስታ በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው የሚሠራው። አድራሹ ደውሎ ካላገኛት ዕቃው ይመለሳል። ስልኩን የምታነሳው መቼ እንደሆነ ራሷን ጠይቂያት፤ ሥራ ላይ ያለች ሴት ቀን ላታነሳ ትችላለች። የምትቀበልላት ጓደኛ ከሆነች የጓደኛዋን ቁጥር ትስጥሽ።

ስለ አጭበርባሪ ካነሳን አንድ ነገር ብቻ። "ትዕዛዙን ለማረጋገጥ ኢሜይልሽን ላኪ" የሚል፣ ኪውአር ኮድ ስካን አድርጊ የሚል፣ ወይም "ከዋጋው በላይ ስለከፈልኩ ትርፉን መልሺልኝ" የሚል መልእክት ከመጣ ገዢ አይደለም። አትመልሺለት፤ ለኢትሲ ሪፖርት አድርጊው። ክፍያ ገብቶ እንደሆነ የምታዪው በሱቅሽ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ኢሜይል ላይ አይደለም።

አሁን ከነገ ጀምሮ ገጽሽ ላይ መኖር ያለበትን ልንገርሽ። ከእያንዳንዱ ቀሚስ መግለጫ ስር ይህን አስገቢ፦ "ከአሜሪካ ውጭ ለምትገዙ፦ የአገራችሁ ቀረጥና ቫት በዋጋው ውስጥ የለም፤ ኢትሲ ካልሰበሰበው ዕቃው ሲደርስ እናንተ ትከፍላላችሁ። ስጦታ ብለን አንጽፍም። አድራሻ ከተከፈለ በኋላ አንቀይርም።" በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን። ካናዳ ላለች ደንበኛ ደግሞ ለይተሽ ንገሪያት። እዚያ በፖስታ ለሚገባ ዕቃ ነፃው መጠን 20 የካናዳ ዶላር ብቻ ስለሆነ፣ ቀሚስ የገዛ ሰው ሁሉ ይጠየቃል ብለሽ አስቢ። አውስትራሊያ ቀላል ናት፤ እስከ 1,000 የአውስትራሊያ ዶላር ድረስ ግብሩን ኢትሲ ሲከፈል ይቀበላል።

ፎርሙ ላይ "ልብስ" ብቻ ብለሽ አትለፊ። "በእጅ የተሸመነ የሴቶች የጥጥ ቀሚስ" ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ። ለንግድ ዕቃ ባለ 6 አኃዝ የጉምሩክ ኮድ ይጠየቃል፤ የተሸመነ የሴቶች የጥጥ ቀሚስ 6204.42 ነው፣ የሕፃን የጥጥ ልብስ 6209.20 ነው። የተሠራበት አገር በሚለው ቦታ ኢትዮጵያ ብለሽ ጻፊ። ከሜሪላንድ ስለተላከ አሜሪካ የሚሉ ብዙ ሻጮች አሉ፤ ስህተት ነው። ቀሚሱ ሽሮ ሜዳ ነው የተሠራው፤ ጨርቁም ይናገራል።

የልኩን ነገርም አስተካክዪ። ብዙ ተመላሽ ዕቃ የሚመጣው ከዚህ ነው። የአሜሪካ 8 ቁጥር እንግሊዝ ውስጥ 12፣ አውሮፓ ውስጥ 40 አካባቢ ነው። ለንደን ያለች ሴት "8 ቁጥር" ብላ ብትገዛ ሰፍቶባት ነው የሚደርሳት። ስለዚህ ቁጥር አትጻፊ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌና የሙሉ ቁመት ልክ በኢንችም በሴንቲሜትርም አስቀምጪ። ተለክቶ የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ ልኳን ራሷ በጽሑፍ ትላክልሽ፤ በድምፅ መልእክት አይሁን። ጥለቱን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺው፤ ማታ አምፖል ስር ወርቃማው ክር ሌላ ቀለም ይመስላል።

በአሜሪካ ፖስታ ርካሹ የውጭ አገልግሎት እስከ 4 ፓውንድ ክብደትና እስከ 400 ዶላር ዋጋ ድረስ ይወስዳል። ለአንድ ቀሚስና ነጠላ በቂ ነው። ግን በአንዳንድ አገር ድንበር ከተሻገረ በኋላ ትራኪንጉ ይቆማል። ትዕዛዙ ከ250 ዶላር ካለፈ የኢትሲ ዋስትና ስለማይሸፍንሽ ፊርማና ኢንሹራንስ ያለበትን ምረጪ፤ ልዩነቱን ገዢዋ ትክፈል። ከመላክሽ በፊት የታጠፈውን ቀሚስ፣ የተዘጋውን እሽግና ሌብሉን ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ።

ምናልባት የወረቀቱ ሥራ ከበዛብሽ ኢቤይንም መሞከር ትችያለሽ። እዚያ ባለው ዓለም አቀፍ የመላኪያ ፕሮግራም አንቺ የምትልኪው አሜሪካ ውስጥ ወዳለው ማዕከላቸው ብቻ ነው። የጉምሩኩን ነገር እነሱ ይጨርሳሉ፤ ገዢዋም የቀረጡን ሒሳብ ከመክፈሏ በፊት ታየዋለች። ማዕከሉ ከደረሰ በኋላ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኃላፊነቱ የእነሱ ነው። የሐበሻ ልብስ ፈላጊ ግን በብዛት ያለው ኢትሲ ላይ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሱቅሽን ሳትዘጊ ጎን ለጎን ሞክሪው።

ለባለቤትሽ ይህን አሳዪው። ስጋቱ ልክ ነው፤ ገንዘብም ዕቃም ልታጡ ትችላላችሁ። አገር ሁሉ ከምትዘጊ ግን አገሮቹን ለይተሽ፣ ሕጉን ጽፈሽ ሥሪ።

አንድ የቀረኝ የገና ነገር ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ላይ ነው። ደንበኛሽ "ገና ጊዜ አለ" ብላ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ታዛለች። ያ ወቅት ግን የፈረንጆቹ ገና ፖስታውን ሁሉ ያጨናነቀበት ነው፤ በመደበኛ ጊዜ በሁለት ሳምንት የሚደርሰው አንድ ወር ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ከአሜሪካ ውጭ ለገና የሚሆን ትዕዛዝ የመጨረሻ ቀኑን ኖቬምበር 30 አድርጊውና ከጥቅምት ጀምሮ ሱቅሽ አናት ላይ ለጥፊው። ከዚያ በኋላ የምታዝ ካለች፣ ለጥምቀት ይደርስልሽ ይሆናል፣ ለገና ግን ቃል አልገባም በያት።